ብራ ነው ተባለ

በከተማው ውስጥ እውነተኛ ስሙን የሚያውቅ ከባለቤቱና ከታላቅ ወንድሙ በቀር ብዙ ሰው አልነበረም። ሌላው ሁሉ «ዣንጥላው» ነበር የሚለው። ሥራው በቴሌቪዥን የአየር ትንበያ ማቅረብ ነው። ከዜና በኋላ ብቅ ይልና ካርታው ፊት ቆሞ የነገውን ሰማይ ይናገራል፤ ደመና ካለ ደግሞ ሲሰናበት «ዣንጥላችሁን እንዳትረሱ» ይላል። ያቺ አባባል የቅጽል ስም ሆና ቀረችበት። መንገድ ላይ ሴቶች ያስቆሙትና «በአንተ የተነሳ ልብሴን ሳላጥብ ዋልኩ፤ ለምልክት እንኳ አልጣለም» ብለው ይቆጡታል። ታክሲ ሲገባ ሾፌሩ በመስታወት ያየውና «ዛሬስ ምን ትላለህ፣ መስኮት ልዝጋ?» ይለዋል። እሱም ይስቃል። ስትሳሳት የምትሰደብበት፣ ልክ ስትሆን ግን ማንም ዞር ብሎ የማያይህ ሥራ ነው እያለ ያሾፍበታል እንጂ ሥራውን እንደ ዓይኑ ብሌን ነበር የሚሳሳለት።

ንቅናቄው ሥልጣን ላይ የወጣው በጠመንጃ አልነበረም። በኋላ ዣንጥላው ነገሩን ሲያወጣና ሲያወርድ አእምሮው አልቀበል ያለው ይኸንን ነው። ሰው በገዛ እግሩ ተሰልፎ፣ በገዛ እጁ መርጦ ነበር ያመጣው። ከዚያ በፊት የነበሩት ዓመታት ሕዝቡን አንገፍግፈውታል። መብራት በመጣ በሰዓቱ ይሄዳል፤ ዳቦ ጠዋት በአንድ ዋጋ፣ ከሰዓት በሌላ ዋጋ ይሸጣል፤ የምክር ቤት ሰዎች በቴሌቪዥን ፊት ሲሰዳደቡ ይውላሉ። ንቅናቄው መጣና መብራቱ አልጠፋ አለ። ሌባ ከጎዳና ጠፋ። ወንዙ ዳር ባለው ዝቅ ያለ ሰፈር፣ ጫማ እየዋጠ የሚያስቀረው የጭቃ መንገድ ድንጋይ ተነጠፈበት።

እዚያ ሰፈር የሚኖረው ታላቅ ወንድሙ ነው። አናጢ ነው። እናትና አባታቸው ተከታትለው ሲሞቱ ታናሹን ከጉያው ሳያወጣ ያሳደገው፣ በርና መስኮት እየሠራ ዩኒቨርሲቲ ያደረሰው እሱ ነው። ስለዚህ ዣንጥላው «ጋሼ» ይለዋል፤ አንቱ ይለዋል፤ ዛሬም ድረስ ፊቱ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። መንገዱ በተነጠፈ ሰሞን ወንድሙ የንቅናቄውን ጨርቅ ክንዱ ላይ አሠረ፤ ወዲያው የሰፈሩ ተጠሪ ሆኖ ተመረጠ። ዣንጥላው ነገሩ ቅር ብሎት አንድ ሁለት ቃል ቢወረውር፣ ወንድሙ አልተቆጣም። ጫማውን እንዲያይ ነገረው። ድሮ እዚህ ቤት ስትመጣ ጫማህን አውልቀህ አልነበረም ወይ የምትገባው አለው። ዣንጥላው ጎንበስ ብሎ አየ፤ ጭቃ አልነበረበትም።

የመጀመሪያው ነገር እንደ ቀልድ ነው የመጣው። ከሥርጭት በፊት ፊቱን ዱቄት እየተቀባ ሳለ የክፍሉ ኃላፊ መጣች። ከጽሕፈት ሥራ ተነስታ እዚህ የደረሰች፣ ሠራተኛ ሲታመም ቤቱ ድረስ ሄዳ የምትጠይቅ፣ ክፉ ቃል የማይወጣት ሴት ናት። የመስታወቱ ዳር ላይ ተደገፈችና እሑድ በስታዲየሙ የድጋፍ ሰልፍ ስላለ «ዝናብ» የሚለውን ቃል እንዲተወው ነገረችው።

ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም።

«ለአንድ ቀን ነው» አለችው። «ዝናብ አለ ከተባለ ሰው ይቀራል። ስታዲየሙ ባዶ ከሆነ ደግሞ ተጠያቂዎቹ እኛ ነን።»

እውነቱን ለመናገር ብዙም አልከበደውም። ትንበያ አይደል? ይሳሳታል። የተናገረው ሁሉ ቢሆንማ ነቢይ ይባል ነበር። ካርታው ፊት ቆመና ሰማዩ አልፎ አልፎ ደመና ሊታይበት ይችላል ብሎ ወረደ። ቤት ሲደርስ ለባለቤቱ እየሳቀ ነገራት፤ እሷም ሳቀች።

እሑድ ግን የዘነበው ሰማዩ ተቀዶ ነው። ዣንጥላው ስቱዲዮ ውስጥ በስክሪኖቹ ያይ ነበር። ስታዲየሙ ጢም ብሏል፤ መሪው ጣሪያ ሥር ቆሞ ይናገራል፤ ሕዝቡ ግን ሜዳ ላይ እንደ ጨርቅ ርሷል። እዚህም እዚያም ዣንጥላ ሲከፈት ታየ። ወዲያው ክንዳቸው ላይ ጨርቅ ያሠሩ ወጣቶች በሕዝቡ መሃል እየተሹለከለኩ ዣንጥላዎቹን መሰብሰብ ጀመሩ። አልተጋፉም፣ አልተሳደቡም። በትሕትና ይቀበላሉ፣ አጥፈው ያስራሉ፣ ይሄዳሉ። የሚከለክላቸውም አልነበረም። ይህን እያየ ሳለ የዜና አንባቢዋ ድምፅ መጣ፦ «በዛሬው ደማቅ ፀሐይ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ዜጎች…»

ዣንጥላው ጆሮውን ተጠራጠረ። ዞሮ ባለሙያዎቹን አያቸው። አንዱ ቁልፍ ይነካካል፣ አንዷ ጥፍሯን ታያለች። ስክሪኑ ላይ ውሃው በመሪው ጣሪያ ጫፍ እንደ ገመድ ይወርዳል።

በማግሥቱ ያገኘው ካሜራማኑን ነበር። ይህ ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ያለ ቀልድ የማይጨርስ፣ ለዓመታት ምሳ አብረው የበሉ ወዳጁ ነው። ስታዲየም ሲቀርፅ ነው የዋለው። አፍንጫው ቀልቷል፤ አንገቱ ላይ ፎጣ ጠምጥሟል፤ ከጉሮሮው የሚወጣው ድምፅ የሌላ ሰው ነው የሚመስለው።

«ምን ዓይነት ፀሐይ ነበር ባክህ» አለው ካሜራማኑ።

ዣንጥላው ጥቅሻውን ጠበቀ። አልመጣም። የከንፈሩን ጥግ አየው፤ እዚያ ሁልጊዜ ሳቅ ተደብቃ የምታድርባት ቦታ አለች፤ ዛሬ ባዶ ነች። ሰውዬው አስነጠሰ፣ አፍንጫውን ጠረገ፣ ካሜራውን ተሸክሞ ወጣ።  ሰውዬው ቢፈራ ለዣንጥላው ይገባው ነበር። ቢዋሽም ይገባው ነበር። ግን ማንም በሌለበት፣ በሁለቱ መካከል፣ ለምን?

ማታ ለባለቤቱ ሲነግራት አታምነኝም ብሎ ፈርቶ ነበር፤ እሷ ግን የባሰ ይዛ ጠበቀችው። አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ናት። ተማሪዎቿ ስታዲየም ተወስደው ስለነበር፣ የዋሉበትን እንድታስላቸው ታዝዛ ነበር። ሁሉም ትልቅ ቢጫ ፀሐይ ስለዋል። አንዷን ትንሽ ልጅ ጠጋ ብላ አልረጠብሽም ነበር ወይ ብላ ጠየቀቻት። ልጅቷም ቀና ብላ አየቻትና «ረጥቤ ነበር፤ ግን ፀሐይ ነበር» አለቻት።  ያን ምሽት ሁለቱም አልሳቁም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ቀስ እያለ መጣ፤ እንደ እርጥበት ግድግዳ ለግድግዳ። ዣንጥላ የከለከለ ሕግ ወጥቶ አያውቅም። ማንም በአዋጅ አልተናገረም። ብቻ አንድ ሰው ይዞ ሲሄድ ሌላው ያየዋል፤ ያየው ሰው ደግሞ ማን እንደሆነ አይታወቅም። በሱቆች መስኮት ይሰቀሉ የነበሩት ዣንጥላዎች አንድ ሁለት እያሉ ጠፉ። ባለቤቱ የቤታቸውን ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ከተተችው። እሱም በትንበያው መጨረሻ የሚለውን ስንብት እንዲተው ተነገረውና ተወ። መንገድ ላይም በቅጽል ስሙ የሚጠራው ጠፋ፤ ሴቶቹ ሲያዩት አንገታቸውን ደፍተው ያልፋሉ፤ ታክሲ ሾፌሩም ስለ መስኮቱ አይጠይቀውም።

መረጃውን በየቀኑ በስልክ የሚነግረው ከሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት ያለ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛው ነበር። ረጅምና ቀጭን ስለሆነ ከተማሪነታቸው ጀምሮ «ሲባጎ» ነው የሚባለው። ሲባጎ የዝናቡን ቁጥር ቀይር ሲባል እምቢ አለ። ጀግና ለመሆን ፈልጎ አልነበረም። የዝናብ መለኪያው ውስጥ ውሃ አለ፣ ውሃውን ደፍቼ ባዶ ነው ልበል ወይ ብሎ ጠየቀ ይባላል። ወዲያው በየመሥሪያ ቤቱ ስብሰባ ተጠራ፤ በቴሌቪዥን ጣቢያውም ጭምር። የንቅናቄው ተወካይ ሲባጎ ሽብር የሚነዛ ትንበያ እያሠራጨ የሕዝብን ሞራል እንደሚያዳክም አስረዳ፤ የሚደግፍ እጁን ያውጣ አለ።

ዣንጥላው እጁን ላለማውጣት ወስኖ ነበር የገባው። በሩ ላይ ሲደርስ እንኳ ለራሱ ነግሮታል። ነገር ግን የጎረቤቶቹ ወንበሮች ሲንቋቋ፣ እጆች ከግራና ከቀኝ ሽቅብ ሲወጡ፣ የገዛ ክንዱን አየር ላይ ሆኖ አገኘው። መቼ እንዳነሳው አያውቅም። እንደ ሌላ ሰው እጅ ቀና ብሎ አየው። ከሁሉም ያስደነገጠው ክብደት አለመኖሩ ነው፤ እንደ ላባ ነበር የቀለለው። ሲባጎ ከሥራ ተባረረ። የእጅ ሰዓት እየጠገነ መኖር ጀመረ።

በሚቀጥለው ክረምት፣ የንቅናቄው የድል በዓል ዋዜማ ላይ፣ ሲባጎ በምሳ ሰዓት የዣንጥላውን ቤት አንኳኳ። ከስብሰባው ወዲህ ተገናኝተው አያውቁም። ዣንጥላው በሩን ሲከፍት ወቀሳ ጠበቀ፤ ሲባጎ ግን የመጣው ለዚያ አልነበረም። ጫማውን እንኳ ሳያራግፍ ቆሞ ነገረው። ወንዙ ከሚነሳበት ተራራ ላይ ያሉ የድሮ ባልደረቦቹ ይደውሉለታል። እዚያ ለቀናት ሳያባራ ዘንቧል። ነገ ከሰዓት በኋላ ውሃው ከተማ ይደርሳል፤ ዝቅ ያለውን ሰፈርም ይጠርገዋል። የበዓሉ ሰልፍ ደግሞ እዚያው ወንዙ ዳር ነው።

«እኔን የሚሰማ የለም» አለ ሲባጎ። «አንተን ግን አገር ይሰማል። ዛሬ ተናገር።»

ዣንጥላው ምሳውን ጥሎ ወደ መሥሪያ ቤት ሮጠ። ኃላፊዋን ቢሮዋ አገኛት። በሩን ዘግቶ፣ የሰማውን ሁሉ ሳያስቀር ዘረገፈላት። እስኪጨርስ ጠበቀችው። ቅር ያላት አትመስልም፤ የደነገጠችም አትመስልም። ይህ አለመደንገጧ ነው ያስፈራው።

«እናትሽ እዚያ ሰፈር አይደሉም እንዴ የሚኖሩት?» አላት፣ ምናልባት ይህ ያነቃት እንደሆነ ብሎ።

«እናቴን ትናንት አወጣኋት» አለችው።

ወንበሩን ሳያየው ተቀመጠ።  ታውቃለች ማለት ነው። እሷ ካወቀች ከሷ በላይ ያሉትም ያውቃሉ ማለት ነው። እሱ እየሮጠ የመጣው ለሚያውቅ ሰው ሊናገር ነው። ኃላፊዋ ተነስታ ውሃ ቀዳችለት፤ ትከሻውን በእናት እጅ መታ መታ አደረገችው። ሰልፉ ከቀረ የበዓሉ አዘጋጆች በሙሉ እንደሚጠየቁ፣ ትንበያው ደግሞ ስህተት ሊሆን እንደሚችል፣ ለማንኛውም ወንድሙን ቀስ ብሎ ቢያወጣ ማንም እንደማይናገረው ነገረችው። ይህን የምትለው በደግነት ነበር። ነገሩን ሁሉ ያከፋውም ደግነቷ ነው።

ያን ምሽት ካርታው ፊት ሲቆም እናገራለሁ ብሎ ነበር። መብራቱ በራ። ካሜራማኑ ጣቱን አነሳ። ዣንጥላው አፉን ከፈተ፤ ከአፉ የወጣው ድምፅ ዓመታት ሙሉ ሰው የለመደው ያ ሞቅ ያለ ድምፅ ነበር፦ «ነገ በከተማችን ብራ ይሆናል።»

ሲነጋ ሳይታጠብ ወደ ወንድሙ ቤት ሄደ። ወንድሙ ለሰልፉ ለብሷል፤ ጨርቁ ክንዱ ላይ አለ። የወንድሙ ሚስት፣ ለዣንጥላው እንደ እናት የነበረችው እትዬ፣ ሻይ እየቀዳች ነበር። ዣንጥላው ወንድሙን ወደ ማድ ቤት ስቦ ቀስ ብሎ ነገረው። ዛሬውኑ፣ አሁኑኑ፣ ከእትዬ ጋር ወደ እኔ ቤት እንሂድ አለው።

ወንድሙ ረጋ ብሎ ሰማው። «ማታ አንተን ነው የሰማሁት» አለ። «ብራ ነው አልክ።»

«ብያለሁ። እሱ ውሸት ነው፣ ጋሼ። ይኸኛውን ይመኑኝ።»

«እዚያ ደረትህን ነፍተህ በአገር ፊት ተናገርክ። እዚህ ማድ ቤት ገብተህ ትንሾካሾካለህ። እውነት ከሆነ ለምን ትንሾካሾካለህ?»

«ስለምፈራ ነው።»

«እንግዲያው የምትፈራ ሰው ምኑ ይታመናል?» አለ ወንድሙ፤ በቁጣ ሳይሆን በእውነት ለማወቅ እንደፈለገ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደግሞስ እኔ ዕቃዬን ተሸክሜ ብወጣ ጎረቤት ምን ይላል? ተጠሪው ሸሸ ከተባለ ሌላው ምን ይሆናል?»

«ሌላውም ይሸሻላ! ይድናላ!»

ወንድሙ ወደ መስኮቱ አየ፤ ግድግዳው ስስ ነው። ዝም እንዲል በእጁ ምልክት ሰጠው። እትዬ በሩ ላይ ቆማ ሰምታለች። ወደ መኝታ ቤት ገባችና ነጠላዋን አንጥፋ ልብስ መደርደር ጀመረች። ወንድሙ ገብቶ «ተይው» አላት። ለአፍታ አየችው። ከዚያ ልብሱን አንድ በአንድ ወደ ቦታው መለሰች። ዣንጥላውን በር ድረስ ሸኘችው፤ ጉንጩን ሳመችውና ባለቤቱን ሰላም እንዲልላት ነገረችው።

ቤቱ አልሄደም። ከሰፈሩ በላይ፣ ከፍ ያለው መንገድ ላይ ቆሞ ቀረ። ካፊያ ቢጀምርም ሰልፉ ከዚያ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ማርሽ ባንዱ ይነፋል፣ ድምፅ ማጉያው ይጮኻል። ውሃው ከመምጣቱ በፊት ሽታው መጣ፤ የአፈርና የበሰበሰ ቅጠል ሽታ። ከዚያ ወንዙ ቡናማ ሆኖ አበጠና የቤት በር፣ ጣውላና ዛፍ ይዞ ዳርቻውን ዘለለ።

ዣንጥላው በሕይወቱ ሙሉ የማይረሳው ውሃውን አይደለም። ሰዎቹን ነው። ውሃው ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ሲደርስ አልሮጡም። ግራና ቀኝ ተያዩ። ማን ቀድሞ እንደሚሮጥ ይጠባበቁ ነበር። ማርሽ ባንዱ መንፋቱን አላቆመም። ውሃው ጉልበት ደረሰ፤ አሁንም ይተያያሉ። እሱ ከላይ ሆኖ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ «ሩጡ!» እያለ ጮኸ፤ ድምፅ ማጉያው ዋጠው። አንድ ሰው ጡሩምባውን ጥሎ ሲሮጥ ነው ሁሉም የሮጠው፤ ያኔ ግን ውሃው ወገባቸው ደርሶ ነበር።

ወንድሙን ምሰሶ ላይ ተንጠልጥሎ በሕይወት አገኙት። እትዬን በማግሥቱ፣ ከከተማው ውጪ፣ ወንዙ ሲጎድል ሞታ አገኟት።

ቀብሩ በተፈጸመ ቀን ጣቢያው ላይ ዜና እየተነበበ ነው። ዣንጥላው ተራውን እየጠበቀ ከካርታው አጠገብ ቆሟል። ሲባጎ መያዙን የሰማው እዚያው ነው፤ ከወንዙ በላይ ያለውን ግድብ በመክፈት ከተማዋን ያጥለቀለቁ ጠላቶች መሪ ተባለ። የእጅ ሰዓት የሚጠግነው ሲባጎ! ቀጥሎ በጎርፉ ዕለት የተቀረፀ የገዛ ወንድሙ ምስል ስክሪኑ ላይ መጣ። ፊቱ ላይ ጭቃው ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ጨርቁ ክንዱ ላይ አለ።

«ዝናብ አልነበረም» አለ ወንድሙ ለካሜራው። «ሰማዩ ብራ ነበር። ውሃውን የለቀቁብን ጠላቶች ናቸው።»

የዣንጥላው ተራ ደረሰ። መብራቱ ፊቱ ላይ በራ። ካሜራማኑ ጣቱን አነሳ። በዚህ ጊዜ አፉን ሲከፍት ያ የለመደው ድምፅ አልመጣም፤ ሌላ፣ ሻካራ ድምፅ መጣ። ዝናብ እንደነበር ተናገረ። ውሃው እንደሚመጣ አስቀድሞ እንደሚያውቅ፣ እያወቀ ብራ ነው እንዳለ፣ የተያዘው ሰው ደግሞ ሊያድናቸው ቤቱ ድረስ የመጣ ሰው እንደሆነ ተናገረ። ያስቆመው አልነበረም። መብራቱን የሚያጠፋ ሰው ሲጠብቅ ዜና አንባቢዋ ወደ እሱ ዞር አለች፤ ፈገግታዋ ከቦታው አልተነቃነቀም።

«እናመሰግናለን» አለች። «ነገም ብራ ይሆናል ማለት ነው።»

ከሕንፃው ሲወጣ ሊይዙት የቆሙ ሰዎች እንደሚያገኝ እርግጠኛ ነበር። ማንም አልነበረም። በር ላይ ያለው ዘበኛ እንደ ወትሮው ደህና እደር አለው። መንገድ ላይ ግን ሻርፕ የጠመጠመች፣ ዓይኗ ያበጠ ሴት ወደ እሱ መጣችና እግሩ ሥር ተፋች። ልጄን ጠላት ገደለብኝ ብዬ ልቀመጥበት፣ አንተ ምን አገባህ አለችው። ልጇ ያለ ጠላት፣ እንዲሁ በከንቱ መሞቱን ልትሰማ አትፈልግም ነበር። 

ቤት ሲደርስ ወንድሙ ሳሎን ተቀምጧል። ባለቤቱ በዓይኗ «መጥቷል» አለችው። ከጎርፉ ወዲህ ከለቀስተኛ ተለይተው ሲገናኙ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። ሊያቅፈው ቢጠጋ ወንድሙ በእጁ አስቆመው።

«አውቅ ነበር ብለሃል» አለ። «ታውቅ ከነበረ እሷን የገደልካት አንተ ነህ። ካላወቅህ ዛሬ ዋሽተሃል። አንዱን ንገረኝ፤ ሁለቱን መሸከም አልችልም።»

«አውቅ ነበር፣ ጋሼ። ነግሬዎታለሁ እኮ። ማድ ቤት ውስጥ…»

«ማድ ቤት ውስጥ ማንም ምንም አልነገረኝም» አለ ወንድሙ።

 ዣንጥላው የወንድሙን ዓይን አየ፤ እንባ ሞልቶበታል፤ ዓይኑ ግን አይርገበገብም። ወንድሙ «ነግሮኛል» ብሎ ቢያምን እትዬን ልብሱን ያስመለሳት ራሱ ይሆናል። «ተይው» ያላት እሱ ይሆናል።  ወንድሙ ተነሳ፤ «ና እንሂድ» አለው። ባለቤቱ በሩ ላይ ቆመች፤ ዣንጥላው ቀስ ብሎ አለፋት። በመንገድ መብራት ብርሃን፣ በከተማው መሃል፣ ወንድሙ እጁን አጥብቆ እንደያዘው የንቅናቄው ጽሕፈት ቤት ድረስ ሄዱ። ደጃፉ ላይ ወንድሙ ኮሌታውን አስተካከለለትና ለዘበኛው አስረከበው።

ስለ እስሩ ብዙ የሚተረክ የለም። አልደበደቡትም ማለት ይቻላል። በየጊዜው እያወጡ የሰልፉን ቀን ሰማይ እንዲናገር ይጠይቁታል፤ አንድ ቀን ደክሞት ብራ ነበር አለ። ከዚያ በኋላ ለቀቁት። ሲባጎ ግን አልወጣም፤ የት እንዳለ የጠየቀም አልተመለሰለትም። የአየር ትንበያውን አሁን የሚያቀርበው ካሜራማኑ ነው። ባለቤቱ ከማስተማር ታግዳ ልብስ እየሰፋች ጠብቃዋለች፤ በር ላይ ስታየው ደረቱ ላይ ወደቀች።

ከሰነበተ በኋላ ወደ ወንድሙ ሄደ። ላለመሄድ ሞክሯል፤ እግሩ ግን እምቢ አለው። ጎርፉ ሰፈሩን ከጠረገው ወዲያ ወንድሙ እዚያው አይኖርም ብሎ ነበር፤ ከሩቁ የመላጊያ ድምፅ ሲሰማ ማመን አቃተው። ሰፈሩ በሙሉ እዚያው ቦታ ላይ መልሶ ተሠርቷል። ወንድሙ ፀጉሩ ሸብቶ፣ ሰጋቱራ ለብሶ ሥራ ላይ ነው። ቀና ብሎ አየው፤ በርጩማ ጎተተለት። 

ዣንጥላው ዙሪያውን አየ። እንደ ድሮው የተሠራ በርም መስኮትም የለም። ግድግዳው ላይ ተደግፈው የቆሙት ሰፋፊ፣ ጎናቸው ከፍ ያለ፣ ፊታቸው ጠበብ ያለ ሣጥን መሰል ነገሮች ናቸው። ታችኛው ወለላቸው በሬንጅ ተለቅልቋል። ዳርና ዳራቸው ላይ ገመድ የሚገባበት ቀዳዳ አለ።

«ይሄ ምንድነው፣ ጋሼ?»

«አልጋ ነው» አለ ወንድሙ።

«ሬንጁስ?»

«ለምስጥ ነው።»

አንዲት ጎረቤት ከባሏ ጋር መጣች። የታዘዘላትን አገላብጣ አየች፤ ወለሉን በጣቷ ቆረቆረች። ከነልጆቹ ሁላችንም ይችለናል ወይ ብላ ጠየቀች። ወንድሙ ተጠጋግታችሁ ከተኛችሁ ይችላችኋል አላት። ባልና ሚስቱ ተሸክመውት ወጡ። ዣንጥላው ተከትሎ እስከ በሩ ሄደ። በየቤቱ ደጅ፣ በየጣሪያው ሥር፣ በየአጥሩ ላይ ያ ሬንጅ የተቀባ አልጋ ተደግፏል። የሌለበት ቤት አልነበረም። ክንዳቸው ላይ ጨርቅ ያሠሩትም ቤት አለ። የሰፈሩ ሰው በሙሉ ያውቃል። ሁሉም እየተያየ፣ ሁሉም እያወቀ፣ ጀልባ የሚል ቃል ከአንድ ሰው አፍ አልወጣም። እስር ቤት ውስጥ እንኳ እንዲህ አልደነገጠም። መቃኑን ያዘ።

ከኋላው ወንድሙ አንድ ጣውላ አንስቶ ጠረጴዛው ላይ ሲያጋድም ሰማው።

«ላንተም ልሥራልህ» አለ ወንድሙ። «ከሚስትህ ጋር ነው ለብቻህ?»

ዣንጥላው ዞረ። ወንድሙ ዓይኑን ከጣውላው ላይ አላነሳም።

«ከእሷ ጋር» አለ ዣንጥላው።

ወንድሙ እርሳሱን ከጆሮው ላይ አንስቶ ማስመር ጀመረ።